ጥንታዊ የጃፓን የአሻንጉሊት ዕቃዎችና አሰባሰባቸው

በቤቴ ውስጥ በመጻሕፍቴ መደርደሪያ ላይ አንዲት ትንሽ ዕቃ አለች። ቁመቷ ከመዳፌ ስፋት አይበልጥም። ስምንት ማዕዘን ያላት፥ ባለ ክዳን፥ መልኳ እንደ ጠለቀ ውሃ ጠቁሮ የሚያብለጨልጭ፥ በላይዋም የወርቅ ሐረግ የተሣለባት ናት። ጓደኞቼ ሊጠይቁኝ በመጡ ቍጥር አንሥተው ያገላብጧትና «ይህች ደግሞ የማን ሙዳይ ናት?» ይሉኛል። የአሻንጉሊት ዕቃ ናት ስላቸው ይስቃሉ። «በዚህ ዕድሜሽ አሻንጉሊት ትጫወቻለሽ?» የሚሉኝም አሉ። ለእያንዳንዱ በየጊዜው ከማስረዳት ይልቅ፥ መጽሔታችን በዓመት አንድ ጊዜ በሚሰጠን ዕድል ተጠቅሜ ለሁሉም ባንድነት ብመልስ ይሻላል ብዬ ይህን ጽሑፍ አዘጋጀሁ።

ዕቃዋን የላከልኝ የእናቴ ወንድም ነው። እርሱ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ጃፓን አገር ሄዶ በኪዮቶ ከተማ ሲኖር አሮጌ የአሻንጉሊት ዕቃ መሰብሰብ ለመደ። ከዚህ በታች የምጽፈውን አብዛኛውን ያወቅሁት እርሱ ከጻፈልኝ ደብዳቤዎችና ከላከልኝ መጻሕፍት ነው። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍሁት በአውሮጳ አቈጣጠር መሆኑንም አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

የአሻንጉሊቶች በዓል

በጃፓን አገር በየዓመቱ ማርች 3 ቀን ሂና ማትሱሪ የሚባል በዓል ይከበራል፤ ትርጓሜውም የአሻንጉሊቶች በዓል ማለት ነው። ሴት ልጅ ያላቸው ቤተ ሰቦች ልጃቸው በጤና እንድታድግና ለወግ ለማዕርግ እንድትበቃ እየተመኙ ያከብሩታል። ቀድሞ በዓሉ የሚውለው በጨረቃ አቈጣጠር በሦስተኛው ወር በሦስተኛው ቀን ነበር፤ ጃፓን ከ1873 ዓ.ም. ጀምሮ የአውሮጳን አቈጣጠር ስለ ተቀበለች ግን ቀኑ ወደ ማርች 3 ተዛወረ።

በዓሉ ሲቃረብ በቤቱ ውስጥ እንደ ደረጃ ከፍና ዝቅ ያለ መደርደሪያ ይተከላል፤ ቀይ ጨርቅም ይለብሳል። በተለመደው ባለ ሰባት ደረጃ ላይ 15 አሻንጉሊቶች ይቀመጣሉ። ከሁሉ በላይ ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱ የጥንት የቤተ መንግሥት ልብስ ለብሰው ይታያሉ። ከእነርሱ ዝቅ ብሎ ሦስት ደንገጡሮች፥ ቀጥሎ አምስት ሙዚቀኞች፥ ከዚያ ሁለት ሹማምንት፥ በአምስተኛውም ደረጃ ሦስት አሽከሮች ይሰለፋሉ።

እነዚህ አሻንጉሊቶች ልጆች አዝለዋቸው የሚሮጡባቸው አይደሉም። በዓመት ለጥቂት ሳምንታት ይታያሉ፤ በዓሉ ሲያልፍ በወረቀትና በጨርቅ ተጠቅልለው ወደ ሣጥናቸው ይመለሳሉ። ሳይነሡ የቆዩ እንደ ሆነ የቤቱ ልጅ ባል ሳታገባ ትቆያለች የሚል አባባልም ስላለ፥ እናቶች በማንሣቱ አይዘገዩም።

ስድስተኛውና ሰባተኛው ደረጃ ግን ሰው የለባቸውም፤ ዕቃ ብቻ ነው። የእኔም ነገር የሚጀምረው ከዚህ ነው። እነዚህ ዕቃዎች ሂና ዶጉ ይባላሉ፤ የአሻንጉሊት ዕቃ ማለት ነው።

ትንሿ ቤት ሙሉ ዕቃ

በስድስተኛው ደረጃ ላይ ባለ መሳቢያ የልብስ ሣጥን፥ ክዳኑ ከላይ የሚከፈት ረጅም ሣጥን፥ የመስተዋት ማቆሚያ፥ የስፌት ሣጥን፥ የከሰል ማንደጃና የሻይ ሥነ ሥርዓት ዕቃ ይደረደራል። በሰባተኛው ላይ አንዱ ባንዱ ላይ የሚደራረቡ የምግብ ሣጥኖች፥ እመቤቲቱ ተቀምጣበት ሰዎች በትከሻ የሚሸከሙት ጎጆ መሰል መጓጓዣና በበሬ የሚጎተት ሠረገላ ይቆማሉ። ባለጠጎች በነበሯቸው በጥንቶቹ ስብስቦች ውስጥ ደግሞ ከዚህ የበዛ ይገኛል፤ የገበጣ ዓይነት የጨዋታ ሠሌዳዎች፥ ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ፥ የእጅ መታጠቢያ ገንዳ፥ የጽሕፈት ሣጥን፥ እንዲሁም በዘመኑ ያገቡ ሴቶች ጥርሳቸውን ያጠቍሩ ስለ ነበር የጥርስ ማጥቈሪያው ዕቃ ሳይቀር ይገኝበታል።

በመልካሞቹ ዘንድ ሁሉም ነገር እንደ እውነተኛው ይሠራል። መሳቢያው ይሳባል፤ ክዳኑ ይከደናል፤ መጠምጠሚያው የሐር ገመድ ይታሰራል፤ ይፈታልም።

ይህ ሁሉ ለምን ተሠራ? መልሱ ይህ ነው፤ ዕቃው የሙሽራ ዕቃ አምሳል ስለ ሆነ ነው። የእኛ ጥሎሽ ከሙሽራው ወገን የሚመጣ ሲሆን፥ በጃፓን መሳፍንት ዘንድ ግን ሙሽራይቱ ከአባቷ ቤት የምትወጣው ሙሉ የቤት ዕቃ ይዛ ነበር። ከእነዚህ ሁሉ ስመ ጥሩው የቺዮሂሜ ዕቃ ነው። እርስዋ አገሪቱን ይገዛ የነበረው የሦስተኛው ሾጉን የቶኩጋዋ ኢየሚትሱ ልጅ ስትሆን፥ በ1639 ዓ.ም. ገና ሦስተኛ ዓመቷን ይዛ ሳለች ለቶኩጋዋ ሚትሱቶሞ ተዳረች። ኮአሚ ናጋሺጌ የተባለው የላከር ጠቢብ የሠራላት የጋብቻ ዕቃ ዛሬ በናጎያ ከተማ በቶኩጋዋ የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ይገኛል፤ መንግሥትም በብሔራዊ ቅርስነት መዝግቦታል። በዚያው ቤተ መዘክር የዚሁ ቤተ ሰብ ሴቶች ልጆች የአሻንጉሊት ዕቃ በጸደይ ወራት ለሕዝብ ይታያል። ትልቁንና ትንሹን ያስተያየ ሰው፥ ትንሹ የትልቁ ታናሽ ወንድም እንጂ መጫወቻ አለመሆኑን ይረዳል። ትንሿ ልጅ በየዓመቱ በበዓሉ ፊት ተቀምጣ ወደ ፊት የምታስተዳድረውን ቤት በዐይኗ ታጠናው ነበር።

የዛጎል ሣጥን

የእኔ ዕቃ ስሟ ካይኦኬ ይባላል፤ የዛጎል ሣጥን ማለት ነው። ጥንት የጃፓን ወይዛዝርት በባሕር ዛጎል የሚጫወቱት ጨዋታ ነበራቸው። 360 ዛጎሎች እያንዳንዳቸው ለሁለት ተከፍለው፥ በሁለቱም ክፍል ውስጥ አንድ ዓይነት ሥዕል ይሣልባቸዋል። ተጫዋቾቹ ግማሹን ከግማሹ ጋር ማጋጠም ነው። ዛጎሉ ሁለት ክፍል ሲኖረው፥ አንዱ ክፍል አብሮት ከተፈጠረው በቀር ከማናቸውም ጋር በትክክል አይገጥምም። ስለዚህ ዛጎሉ የታማኝ ባልና ሚስት ምሳሌ ሆነ፤ በመሳፍንትም ሰርግ ላይ ከሙሽራይቱ ዕቃ ሁሉ አስቀድሞ ለሙሽራው ቤት በክብር የሚሰጠው ይህ ሣጥን ነበር።

ግማሹ ዛጎል በአንዱ፥ ግማሹ በሌላው ስለሚቀመጥ የዛጎል ሣጥን ምን ጊዜም ጥንድ ነው። የእኔ ግን አንዲት ናት።

ለምን ይህን ያህል አነሱ?

በ18ኛው መቶ ዓመት የሾጉኑ መንግሥት ሕዝቡ በቅንጦት ገንዘቡን እንዳያባክን በማለት ደጋግሞ አዋጅ አወጣ። አዋጁ አሻንጉሊቶችንም አልማረም፤ ቁመታቸው ከ8 ሱን፥ ማለት ከ24 ሳንቲ ሜትር ያህል እንዳይበልጥ ከለከለ፤ በዕቃቸውም ላይ የወርቅ ጌጥ እንዳይበዛ አዘዘ። በኤዶ፥ ማለት በዛሬው ቶክዮ የነበሩ ባለጠጋ ነጋዴዎች ግን ዘዴ አላጡም። ትልቅ መሥራት ከተከለከለ ትንሽ፥ እጅግ ትንሽ፥ ነገር ግን እጅግ የረቀቀ እናሠራለን አሉ። በኡኤኖ ኩሬ ዳር የነበረው ሺቺዛዋያ የተባለው ሱቅ በዚህ ዓይነት ሥራ ዝነኛ ሆነ። እንዲህም ሆኖ ቅንጦትን ለማጥፋት የወጣው አዋጅ የእጅ ጥበብን አራቀቀው።

የላከር ምስጢር

ላከር ስል አናጢዎቻችን ከሱቅ በጣሳ ገዝተው የሚቀቡትን ቫርኒሽ ማለቴ አይደለም። ኡሩሺ የሚባል ዛፍ አለ፤ ግንዱ በስለት ሲጫር እንደ ቍልቋል ወተት ያለ ፈሳሽ ያወጣል። ይህም ፈሳሽ ያልለመደውን ሰው ቆዳ ያሳክካል፥ ያሳብጣልም። ዛፉ ለዚህ ሥራ የሚደርሰው ከ10 እስከ 15 ዓመት ካደገ በኋላ ነው፤ አንድ የምርት ወራት ሙሉ ተደምቶ የሚሰጠውም ተጠራቅሞ 200 ግራም ያህል ብቻ ነው። ከዚያም ዛፉ ይቈረጣል።

የኬሚስትሪ ትምህርት የምትወዱ ጓደኞቼ ይህን ልብ በሉ። ልብስ የሚደርቀው እርጥበቱ ሲተንን ነው፤ ኡሩሺ ግን የሚጠነክረው እርጥበት በበዛበት አየር ነው። በውስጡ ያለው ኤንዛይም ከአየሩ ኦክሲጅን እየወሰደ ፈሳሹን ወደ ጠንካራ ነገር ይለውጠዋል። ስለዚህ ሠራተኞቹ የተቀባውን ዕቃ ሞቅ ባለና እርጥበት በሞላበት ቁም ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡታል።

አሠራሩም እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ዕቃው ከስስ እንጨት ይበጃል፤ መጋጠሚያው ላይም ጨርቅ በላከር ይለጠፍበታል። ቀጥሎ ከደቀቀ ሸክላ ጋር የተለወሰ ላከር ይለቀለቃል። ከዚያ በላይ ንጹሑ ላከር ይቀባል፤ ሲጠነክር በከሰል ይፈጋል፤ እንደ ገና ይቀባል፤ እንደ ገና ይፈጋል። የመቀቢያው ብሩሽ ከሰው ጠጕር የተሠራ ነው። ጥቍሩ መልክ የሚገኘው ብረት በመጨመር ነው። በመጨረሻ ማኪኤ የሚባለው የወርቅ ሥራ ይመጣል። ሠዓሊው ሐረጉን በላከር ይሥልና፥ ሳይጠነክር ጫፉ ላይ ስስ ሐር በተወጠረበት ቀሰም የወርቅ ዱቄት ይነሰንስበታል። በእኔ ሣጥን ላይ ያለው የሐረግ ቅጠል ከምስር ፍሬ ያንሳል፤ ነገር ግን ሠዓሊው የቅጠሉን ጅማት እንኳ አልረሳም።

የላከር ጥንካሬ እስከ ምን ድረስ እንደ ሆነ አንድ ታሪክ ልጥቀስ። ጃፓን በ1873 ዓ.ም. በቪየና በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ያሳየቻቸውን ዕቃዎች ይዞ ይመለስ የነበረው ኒል የተባለው የፈረንሳይ መርከብ በ1874 ዓ.ም. በጃፓን ጠረፍ አጠገብ ሰጠመ። ዕቃዎቹ ከዓመት በላይ በባሕር ውስጥ ቆይተው አንዳንዶቹ ሲወጡ፥ የላከሮቹ ሥራዎች ብዙም ሳይጎዱ ተገኙ። እኔም ይህን ታሪክ ካነበብሁ በኋላ ነው ልቤ ደፍሮ ጥፋት የሠራሁት፤ እርሱን ወደ ኋላ እናገራለሁ።

እውነተኛውን ከአዲሱ መለየት

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ በብዛት የተሠሩት የአሻንጉሊት ዕቃዎች አብዛኛዎቹ ከፕላስቲክ ወይም በፋብሪካ ቀለም ከተቀባ እንጨት የተሠሩ ናቸው። ለበዓሉ ጌጥነት ይበቃሉ፤ ሰብሳቢ ግን መለየት አለበት። አጎቴ የሚመለከታቸው ምልክቶች እነዚህ ናቸው።

1ኛ/ ክብደቱንና ንክኪውን። ጥንታዊው ስስ እንጨት ስለ ሆነ በእጅ ሲይዙት ይቀላል፤ ቅዝቃዜም የለውም።

2ኛ/ ወርቁን። በአጕሊ መነጽር ሲታይ የተነሰነሰው ወርቅ ቅንጣት ቅንጣቱ ይለያል፤ መሥመሩም ከፍ ብሎ ይዳሰሳል። የታተመው ግን ልሙጥና ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው።

3ኛ/ ውስጡንና ሥሩን። መልካም ሠራተኛ ሰው የማያየውንም ቦታ አሣምሮ ይቀባል። የመሳቢያው ውስጥ ካልተጨረሰ ሥራው የችኮላ ነው።

4ኛ/ እርጅናውን። እውነተኛ እርጅና የሚታየው እጅ በሚነካው ቦታ፥ ማለት በክዳኑ ጠርዝና በማዕዘኑ ነው። ሁሉም ቦታ እኩል የተፋፋቀ ከሆነ ሆን ተብሎ የተደረገ መሆኑን መጠርጠር ይገባል።

5ኛ/ ሣጥኑን። ጥንታዊ ስብስብ ከኪሪ እንጨት በተሠራ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። አንዳንድ ጊዜ በክዳኑ ላይ ዓመቱና የባለቤቱ ስም በቀለም ተጽፎ ይገኛል፤ ይህ ከዕቃው ያላነሰ ዋጋ አለው።

የተበተኑት

በኪዮቶ ቶጂ በሚባለው ቤተ መቅደስ ግቢ በየወሩ በ21ኛው ቀን ትልቅ ገበያ ይቆማል። አጎቴ የእኔን ሣጥን ያገኛት በዚያ፥ መሬት ላይ በተነጠፈ ጨርቅ ላይ ከአሮጌ ሰዓትና ከሸክላ ስኒ መካከል ነው። ጥንዷ የት እንዳለች ሻጩን ቢጠይቀው፥ ከሌላ ነጋዴ ሲገዛም አንዲት ብቻ እንደ ነበረች ነገረው።

እንዲህ ያለው መበታተን ምክንያቱ ብዙ ነው። የመሳፍንቱ ግዛት በ1871 ዓ.ም. ሲሻር ብዙ ትልልቅ ቤቶች ደኸዩ፤ ዕቃቸውንም ሸጡ። በ1923 ዓ.ም. ቶክዮንና አካባቢዋን የመታው የምድር መንቀጥቀጥና እሳት፥ በ1945 ዓ.ም. ደግሞ የጦርነቱ የቦምብ ቃጠሎ ቍጥር የሌለውን አጠፋ። የተረፈውን ወራሾች ይከፋፈሉታል። ነጋዴም ሙሉውን ለአንድ ገዥ ከመሸጥ ይልቅ አንድ አንዱን ለየሰው ቢሸጥ የበለጠ ስለሚያተርፍ ይነጣጥለዋል። እሳት ያላገኘውን ገበያ ይበትነዋል ማለት ነው።

የትምህርት ቤት ልጆችን የሚመለከት አንድ ምሳሌም አለ። በ1927 ዓ.ም. የአሜሪካ ልጆች የወዳጅነት ምልክት ብለው ከ12,000 የሚበልጡ አሻንጉሊቶች ለጃፓን ትምህርት ቤቶች ላኩ። የጃፓን ሴቶች ተማሪዎችም ገንዘብ አዋጥተው በዚያው ዓመት 58 ታላላቅ አሻንጉሊቶች በምላሹ ላኩ፤ ለእያንዳንዷም ትንንሽ የላከር ዕቃ አብሯት ሄደ። አሻንጉሊቶቹ በአሜሪካ ከተሞች ሲዘዋወሩ ግን የአንዷ ማቆሚያና ዕቃ ከሌላዋ ጋር ተደባለቀ፤ ስማቸው ሳይቀር ተቀያየረ። የትኛው የማን እንደ ሆነ ለይቶ ለመመለስ አዋቂዎች ብዙ ደክመዋል። ወደ ጃፓን ከሄዱትም አብዛኛዎቹ በጦርነቱ ዘመን የጠላት አሻንጉሊት ተብለው ጠፉ፤ ዛሬ የሚታወቁት ጥቂት መቶዎች ብቻ ናቸው። እነዚያም የተረፉት አንዳንድ መምህራን በድፍረት ስለ ሸሸጓቸው ነው።

የእኔ ጥፋት

አሁን ሳልደብቅ ጥፋቴን ልናገር። ሣጥኗ በእጄ በገባች በሁለተኛው ወር፥ በጥር፥ እንግዳ ይመጣል ተብሎ ቤት ሲጸዳ እኔም ላጽዳት ብዬ በሙቅ ውሃና በሳሙና አጠብኋት። ባሕር ያልጎዳውን ላከር ሳሙና ምን ያደርገዋል ብዬ ነበር። ከዚያም ቶሎ እንድትደርቅ በመስኮቱ ላይ ፀሐይ አሰጣኋት። እናቴ አይታ «አንቺ ልጅ፥ የሰው አገር ዕቃ ነው፤ ሳትጠይቂ አትንኪው» ብላኝ ነበር፤ አልሰማኋትም። ማታ ሳነሣት ከክዳኗ እስከ ግርጌዋ በአንድ ማዕዘን ላይ እንደ ጠጕር የቀጠነ ስንጥቅ ወርዶባት አገኘሁ። ከሐረጉም አንድ ቅጠል ተቀርፎ ነበር።

ለአጎቴ «ጋሼ፥ አበላሸኋት» ብዬ ጻፍሁለት። እርሱም ሳይቈጣ ምክንያቱን አስረዳኝ። አዲስ ላከር ሙቅ ውሃን አይፈራም፤ ጃፓኖች የሚፋጅ ሾርባ የሚጠጡት በላከር ሳሕን ነው። አሮጌው ግን ዐይን የማያየው ስንጥቅ አለው፤ ውሃው በዚያ ገብቶ እንጨቱን ያሳብጠዋል። ከዚያ ደረቅ ፀሐይ ሲያገኘው እንጨቱ ይኰማተራል፤ ላከሩ ግን አብሮት ስለማይኰማተር ይሰነጠቃል። የፀሐይ ጨረርም ራሱ የላከርን ውበት ያደበዝዛል፤ የእኛ ከፍተኛ አገር የበጋ ፀሐይ ደግሞ ብርቱ ነው። ስለዚህ አቧራውን በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ወይም ብሩሽ ማራገፍ፥ በንጹሕና በደረቅ እጅ ከሥር ደግፎ ማንሣት፥ ከፀሐይና ከእሳት ማራቅ፥ በጣምም ከደረቀ አየር መጠበቅ ይገባል። በኮላ አታጣብቂው፤ የሚጠግነው በኡሩሺ የሚሠራ አዋቂ ብቻ ነው አለኝ። ቅጠሏን በወረቀት ጠቅልዬ በሣጥኗ ውስጥ አስቀምጫታለሁ።

ባለፈው ሰኔ ሌላ ደብዳቤ መጣልኝ። አጎቴ በዚያው ገበያ በመጠኗ የእኔን የምታህል የዛጎል ሣጥን አግኝቷል፤ ነገር ግን ወርቁ ሐረግ ሳይሆን የጥድ ቅርንጫፍ ነው። «ጎን ለጎን ብታስቀምጪያቸው ከሩቅ ጥንድ ይመስላሉ፤ ልግዛልሽን?» ብሎ ጠየቀኝ። እውነቱን ለመናገር እጅግ ፈለግሁ። ሦስት ቀን አሰብሁበት። በመጨረሻ ግን፥ ያችም የራሷ ጥንድ ይኖራታል፤ ወደዚህ ከመጣች ፈላጊዋ ዳግመኛ አያገኛትም ብዬ «ይቅር፤ ግን ሐረግ ያለባትን መፈለግዎን አይተዉ» ብዬ መለስሁለት።

ውድ አንባብያን፤ ማኅተምም፥ ገንዘብም፥ አሮጌ መጽሐፍም የምትሰበስቡ በመካከላችን ትኖራላችሁ። ከዚህች ትንሽ ሣጥን የተማርሁት ይህ ነው፤ ዕቃን ማብዛት መሰብሰብ አይደለም፤ አንድነቱንና ታሪኩን መጠበቅ ነው እንጂ። ስለዚህ ከየት እንዳገኛችሁት፥ ከማን እንደ ነበረ፥ ከምን ጋር እንደ ተቀመጠ ዕለቱን ጻፉት፤ ከዕቃውም ጋር አኑሩት። እኔም የሣጥኗን ታሪክ ከነጥፋቴ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፌ፥ ከተቀረፈችው ቅጠል ጋር አኑሬዋለሁ። ጥንዷን የሚያገኝ ሰው አንድ ቀን ቢመጣ ያንን አንብቦ ያውቃታል።